ፉርሽካው ይመለስ

ላሚቱ ከልጆቻችን የተሻለ ቁርስ እየበላች ነው። ቀልድ የመሰለው ሰው አንዱ የዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ጭነት ይመልከት። አንደኛው መኪና ነጭ የፉርኖ ዱቄት ይዞ ወደ ዳቦ ቤት፣ ወደ ብስኩት ፋብሪካና ወደ እኛ ጓዳ ያቀናል። ሌላው ፉርሽካ ይዞ ወደ ከብት ማድለቢያና ወደ ወተት ላም አርቢዎች ይሄዳል። የስንዴው ገለፈት፣ ከገለፈቱ ጋር ተጠርጎ የወጣው የዘሩ ፅንስ፣ ከእነሱም ጋር አብዛኛው አሰር፣ ብረትና ቢ ቫይታሚን የተጫነው በዚህኛው ላይ ነው። ገበሬ የደከመበትን እህል ለሁለት ከፍለን ጠንካራውን ለከብት እንሰጣለን፤ የቀረውን በስኳርና በዘይት አሳምረን ለልጅ እናቀርባለን። ለከብቶቹ እንኳ ፋጉሎ ይጨመርላቸዋል፣ ፕሮቲን እንዳይጎድላቸው። ለልጁ ሻይ።

ከብት አይብላ ያለ የለም። የላሚቱን ወተት እንፈልገዋለን፤ ዝቅ ብሎ ሊጡ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ጥሪው ሌላ ነው፦ ቁርሳችን የሙሉ እህል ፓንኬክ ይሁን፣ ሙሉው እህል ከጥራጥሬ ጋር ይመጠን፣ ይህንንም እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ሳይሆን ዐሥር ዐሥር ቤት ሆነን እንጀምረው። አንድ ኩንታል እህል፣ ዐሥር ቤት፣ አንድ ወር። ሥራው ይኸው ነው። እናቶችን፣ አባቶችን፣ የእድር ዳኞችን፣ ባለወፍጮዎችን፣ የሸማቾች ማኅበር ኃላፊዎችን፣ የካፌ ባለቤቶችንና የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴዎችን እየጠራሁ ነው፤ ለሁሉም የሚደርስ ድርሻ አለ።

የጠዋቱን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። የታክሲ ሰልፍ አለ፣ አንድ እግር ካልሲ ይጠፋል፣ ሻይ ይንተከተካል። ልጁ ግማሽ ዳቦውን በሻይ ነክሮ ይበላና ግማሹን በእጁ ይዞ ይወጣል። ገንዘብ ያለው ቤት ልጅ ከሱቅ ብስኩት፣ ከመንገድ ቦምቦሊኖ ይጨምራል። ሁሉም ያው ፉርኖ ነው፤ የተለየው ቅርጹና የስኳሩ ልክ ብቻ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ምን እንደሚፈጠር መምህራንን ጠይቋቸው፤ ዴስኩ ላይ የሚያንጎላጁትን በስም ይነግሯችኋል። ነጭ ዱቄትና ስኳር ሆድ ውስጥ አይቆይም። ቶሎ ይፈጫል፣ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርገዋል፣ ቶሎም ይወርዳል። አሰርና ፕሮቲን ያለበት ምግብ ከጨጓራ የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጉልበቱም የሚመጣው ቀስ እያለ ነው። «ሆድ የሚይዝ ምግብ» ስንል የኖርነው ይህንን ነው።

ቁጥሩን እንየው። ከአንድ የስንዴ ፍሬ 83 በመቶ ገደማው ነጩ ክፍል ነው፤ 14 በመቶ ገደማው ገለፈት፣ 3 በመቶ የማይሞላው ደግሞ ፅንሱ ነው። ገለፈቱና ፅንሱ ሲወገዱ በ100 ግራም ዱቄት ውስጥ 10 ግራም ያህል የነበረው አሰር ወደ 3 ግራም ይወርዳል፤ 13 ግራም ያህል የነበረው ፕሮቲን 10 ይሆናል፤ ብረቱም ወደ ሢሶው ይቀንሳል። ጤፍ ከዚህ ሁሉ የተረፈው በትንሽነቱ ነው። ከፍሬው ላይ ገለፈቱን ነጥሎ የሚያወጣ ወፍጮ ስለሌለ፣ ወደድንም ጠላንም ጤፍን ሙሉውን እንበላዋለን። እንጀራ የሚበላ ቤት ሙሉ እህል ያውቃል ማለት ነው፤ ችግሩ ያ ቤት ራሱ ጠዋት ጠዋት ወደ ፉርኖ መዞሩ ነው።

ሙሉ እህል ግን ብቻውን አይበቃም። ስንዴም፣ ጤፍም፣ ገብስም፣ ማሽላም ቢሆን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ነገሮች አንዱ የሆነው ላይሲን ያንሰዋል። ሰውነት ላይሲንን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ማግኘት አለበት፤ አንዱ ሲያንስ ደግሞ የቀረውም ፕሮቲን እንደሚገባው አይሠራም። ላይሲን የሞላባቸው ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ ናቸው። እነሱ በተራቸው ሜታዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል፤ እሱ ደግሞ እህሉ ውስጥ አለ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ ስንበላ የኖርነው በዚህ ሒሳብ ነው፤ ማንም ሳይነግረን። ለሕፃን ገንፎ እህል የሚመጥኑ እናቶችም ያውቁታል፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ስንዴን፣ ሽምብራንና አኩሪ አተርን ከወተት ዱቄት ጋር አዋህዶ ሲሸጥ የኖረው ፋፋም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። እኔ የምለው ምሳው ላይ የምናውቀውን ለቁርስ አንርሳው ነው።

ሽምብራን ደግሞ ከሩቅ አናመጣውም። አፍሪካ ውስጥ ኢትዮጵያን ያህል ሽምብራ የሚያመርት አገር የለም። በአድኣ፣ በምንጃር፣ በበቾ ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ ይዘራል፣ በጥርና በየካቲት ይሰበሰባል። ዱቄቱ በ100 ግራም 22 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ የፉርኖውን እጥፍ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኩንታሉ። 40 ኪሎ ስንዴ፣ 30 ኪሎ ጤፍ፣ 30 ኪሎ ሽምብራ። ይህ ሲመጠን በ100 ግራም ዱቄት 15 ግራም ከፍ ያለ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ከፉርኖ በግማሽ ይበልጣል፣ የፕሮቲኑም ዓይነት የተሻለ ነው። ለዐሥር ቤት ሲካፈል ለየቤቱ 10 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ጠዋት 300 ግራም ዱቄት ቢያነሣ፣ ከለቀማና ከወፍጮ የሚባክነውን ትንሽ ነገር ቀንሳችሁ፣ ወር ይደርሳል። ጤፍ ተወዷል የሚል ትክክል ነው፤ ድርሻውን ቀንሱት። ደጋ ላይ ገብስ፣ ሐረርጌ ማሽላ፣ ጎጃም ዳጉሳ ይግባበት፤ ዳጉሳ በካልሲየም ጤፍንም ይበልጠዋል። ሽምብራውን ግን አትንኩት። የምጥኑ ጉልበት እሱ ነው።

ለምን ዐሥር ቤት? ለምን ሁሉም በየቤቱ አያደርገውም? ምክንያቱ ወፍጮው ነው። ወፍጮ ቤት 3 ኪሎ ይዞ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ባለወፍጮው ፊቱን ያጠቁራል። ቢፈጭላችሁም ቀድሞ የሚወጣው ከእናንተ በፊት የነበረው ሰውዬ በቆሎ ነው፤ የእናንተ የመጨረሻው ግማሽ ኪሎ ደግሞ ወፍጮው ሆድ ውስጥ ቀርቶ ለተከታዩ ይተርፋል። ታዲያ ለብቻ ኩንታል ይፈጫል? እሱም አይሆንም። ሙሉ ዱቄት ውስጥ ፅንሱ አለ፣ ፅንሱ ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ሲቆይ ተበላሽቶ ዱቄቱን መራራ ያደርገዋል። ፋብሪካዎች ፅንሱን ከሚያስወግዱባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፣ ነጭ ዱቄት መጋዘን ውስጥ ብዙ ይቆያል። ስለዚህ ትንሹ ለወፍጮ አይመችም፣ ብዙው ለአንድ ቤት ይበላሻል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ደግሞም መዋቅሩ አለን፤ አዲስ ማኅበር መመሥረት አያስፈልግም። ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች አሉ፣ እቁብ አለ፣ እድር አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎክ ኮሚቴ አለ። እድሮቻችን ለሞተ ሰው ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በአንድ ሰዓት ውስጥ ያቆማሉ። በዚያ ጉልበት አንድ ኩንታል እህል ማስገዛት ከባድ አይደለም።

እህሉን ሳይፈጭ ግዙ። እህል በረንዳም ሆነ ሰፈር ገበያ፣ ፍሬው በእጃችሁ ላይ ይታይ። በዚህ ነገር ድርቅ የምለው በጓያ የተነሣ ነው። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከሽምብራና ከአተር ጋር ይደባለቃል፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ የሚለየው ዓይን የለም። ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ የበላው ሰው እግሩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል፣ ሕመሙም የሚመለስ አይደለም፤ ደምቢያና ፎገራ ይህን በደንብ ያውቁታል። ፍሬው ላይ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሽምብራ ሞላ ብሎ ጫፉ ላይ እንደ ወፍ ምንቃር ሹል አለው፤ ጓያ በጠርዝ በጠርዙ የተጠረበ የመሰለ፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ዐሥር ሰው ሰፌድ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ጓያ አያልፍም። አንድ ሰው ብቻውን 30 ኪሎ ሲለቅም ዓይኑ ይደክማል። ለውዝ የምትጨምሩም ካላችሁ፣ የሻገተውንና የተጨማደደውን ያለ ርኅራኄ ጣሉት፤ ሻጋታው የሚያመጣው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ምጣድም አያጠፋውም። አኩሪ አተር የሚጨምር ደግሞ በደንብ ቆልቶ ይጨምር፣ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለበትና።

ሽምብራውን ለብ ለብ አድርጉት። ለሽሮ እንደምትቆሉት አታጥቁሩት፤ ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪለቀው ብቻ። ከዚያ ይከካ፣ ልጣጩ በሰፌድ ይበጠር። ስንዴው ይለቀም፣ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ጤፉ አቧራና አሸዋው እስኪወጣ ይነፋ። ልብ በሉ፣ የሚነፋው እህሉ ነው፤ ዱቄቱን የሚነፋ ሰው ከማኅበሩ ይሰናበታል። ሦስቱም ቀድመው ተደባልቀው ይፈጩ፣ ወፍጮው ራሱ ይመጥናቸዋል። ባለወፍጮውን ደግሞ በርበሬና ሽሮ ያልገባበትን ድንጋይ ጠይቁት፣ ያለበለዚያ ፓንኬካችሁ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።

ባለወፍጮዎች ሆይ፣ እናንተንም እለምናለሁ። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ማሽኑ ከታጠበና ጤፍ ከወረደበት በኋላ፣ ለምጥን ተራ ስጡ። ግድግዳችሁ ላይ በከሰል ጻፉት፦ «ቅዳሜ ጠዋት ምጥን»። አንድ ኩንታል ይዞ የሚመጣ ዐሥር ቤት ሦስት ሦስት ኪሎ ይዞ ከሚመጣ ዐሥር ሰው ይሻላችኋል።

አሁን ምጣዱ። 300 ግራም ምጥን ዱቄት፣ በቤታችን የሻይ ብርጭቆ ሦስት ሞላ ሞላ ያለ ነው፣ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ይግባ። ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ ሊትር ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የጨው ቁንጥር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ቤኪንግ ፓውደር። ወተት ካጠረ ግማሹን ውሃ አድርጉት። አንድ በጣም የበሰለ፣ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ ተጨፍልቆ ቢገባ ስኳር አያስፈልግም። ከዚያ ተዉት። ሙሉ ዱቄት ውሃ ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሃያ ደቂቃ የቆየው ሊጥና ወዲያው የተጋገረው አንድ አይደሉም። ወዲያው የተጋገረው ጥርስ ላይ ይንቋቋል፣ ሲቀዘቅዝ ይፈረካከሳል። ሊጡ ቆይቶ ከወፈረ ወተት ወይም ውሃ ጨምሩበት፣ ከጭልፋ ላይ እንደ ማር ዝርግት ብሎ እስኪወርድ።

እኔ የምመርጠው ግን የማታውን መንገድ ነው። ማታ ዱቄቱን በለብታ ውሃ አሽታችሁ አንድ ማንኪያ የእንጀራ እርሾ ጣል አድርጉበትና ከድናችሁ ተኙ፤ እንቁላሉን፣ ጨውንና ጥቂት ወተት ጠዋት ጨምሩ። ጠዋት ላይ ሥራው ምጣድ መጣድ ብቻ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ገለፈቱ ውስጥ ብረትና ዚንክ ይዞ አልለቅ የሚል ፋይታት የሚባል ነገር አለ፤ ሌሊቱን ሲቦካ ከፊሉ ይፈርሳል። አያቶቻችን እርሾን ለጣዕም ብቻ አልያዙትም።

መጥበሻው ወይም የኤሌክትሪክ ምጣዱ መካከለኛ ሙቀት ይበቃዋል። ዘይት በጨርቅ ጫፍ እሹት፣ አንድ ጭልፋ መሐሉ ላይ አፍስሱና እጃችሁን አንሡ፤ እንደ እንጀራ አታዙሩት፣ ራሱ ክብ ይሆናል። መጀመሪያ ዳሩ ይደርቃል። ቀጥሎ ላዩ ላይ ዓይን ዓይን ያወጣል፣ ዓይኖቹ ፈንድተው ሳይዘጉ ሲቀሩ ነው የሚገለበጠው። ከዚያ በፊት ያገላበጠ ሰው ጥሬ ሽምብራ ይበላል፤ ጥሬ ሽምብራ የበላ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አይለምደውም። በሌላው ጎን ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። እሳቱን አታጋሉት። ጤፍ ያለበት ሊጥ ቡናማ ስለሆነ መቃጠሉና መብሰሉ በዓይን አይለይም፤ በጣታችሁ ጫን ስትሉት ተመልሶ ከተነሣ በስሏል።

በዚህ ልክ ዐሥር ያህል ይወጣል፣ አንዱ 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ከ9 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 34 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ሁለቱን በልቶ የወጣ ልጅ ግማሹን ያህል ከቤቱ ይዞ ወጣ። ላዩ ላይ አይብ፣ ማር፣ የተፈጨ ለውዝ፣ ወይም እንደ ጨጨብሳ ቆራርሳችሁ ንጥር ቅቤና በርበሬ። ሻዩ ግን ይቆይ። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የእህሉን ብረት ይይዘዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣ። በምትኩ ብርቱካን ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ቢቀርብ ብረቱ ይበልጥ ይገባል። ሻይ የሌለበት ቁርስ ለእኛ ሕዝብ ትልቅ ነገር እንደጠየቅሁ አውቃለሁ።

ጾም ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ መምጣትም አለበት፤ ረቡዕና ዓርብ ተጨምሮ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ጾም የሆነበት ቤት ብዙ ነው። የጾሙ አሠራር ከፍስኩ አያንስም። በእንቁላሉ ፋንታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በለብታ ውሃ ዘፍዝፉ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደ እንቁላል ይወፍርና ሊጡን ይይዘዋል። በወተቱ ፋንታ የሱፍ ውሃ፣ ለሱፍ ፍትፍት እንደምታዘጋጁት። የወተቱንና የእንቁላሉን ፕሮቲን ለማካካስ ከምጥኑ በላይ አንድ ብርጭቆ የሽምብራ ዱቄት ጨምሩ። ትልልቆቹ ከቅዳሴ በኋላ ይበሉታል፣ ትንንሾቹ ጠዋት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ለረመዳን ሱሁር ይሞክሩት፤ እስከ መግሪብ ሆድ የሚይዝ ነገር ለሚፈልግ ሰው ፉርኖ ምንም አይረዳውም። ዐሥሩ ቤት ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ጴንጤም ቢሆን ዱቄቱ አንድ ነው።

«ልጄ ጥቁር ነገር አይበላም» ለምትሉ፣ በአንድ ቀን አታስገድዱት። የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስት እጅ ፉርኖ፣ አንድ እጅ ምጥን አድርጉ፣ በየሳምንቱ ምጥኑን ጨምሩ። ልጅ የሚሸሸው ቀለሙን ሳይሆን ድንገተኛነቱን ነው። ራሱ ሲገለብጠው ደግሞ የበለጠ ይበላል፤ ምጣዱ አጠገብ ወንበር አቁሙለት፣ እናንተም አጠገቡ ቁሙ።

ምጣዱ አጠገብ ማን ይቁም የሚለው ላይ ግልጽ እንነጋገር። ይህ ጥሪ እናቶች ላይ ተጨማሪ ሸክም የሚጥል ከሆነ ከአንድ ወር አይዘልም፣ ባይዘልም አይገርመኝም። ጠዋት ዐሥራ አንድ ሰዓት የምትነሣ ሴት ላይ «ደግሞ ፓንኬክ ጋግሪ» ማለት ግፍ ነው። አባቶች፣ ይህ የእናንተ ምጣድ ይሁን። እንጀራ መጋገር ዓመታት የሚጠይቅ ጥበብ ነው፣ አልችልም ብትሉ እንሰማችኋለን። ይህን ግን የሚጋግረው ዘይት የተቀባ መጥበሻና ትዕግሥት ነው፤ ከዐሥር ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅም ይችለዋል። ኩንታሉን መሸከም፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ መያዝ፣ ማታ ሊጥ ማሸት፣ ጠዋት መገልበጥ፣ ከዐሥሩ ቤት ዐሥሩም ወንዶች ይግቡበት። ቡና ላይ ተቀምጦ ስለ ልጆች አመጋገብ ማውራት ሥራ አይደለም።

ከቤት ወጥተንም የምንጠይቀው አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ሊመሰገንም ይገባዋል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ግን ጠይቁ፦ የቁርሱ ዱቄት ምንድነው? ጥራጥሬ በሳምንት ስንት ቀን አለበት? ኩንታል ኩንታል የሚገዛ ትምህርት ቤት አንድ ሢሶውን ወደ ምጥን ቢያዞር፣ የአንድ ሰፈር ዐሥር ቤት በዓመት ሊመግባቸው የማይችላቸውን ያህል ልጆች በአንድ ሳምንት ይመግባል። የሸማቾች ማኅበራትን ደግሞ፣ ፉርኖና ዘይት ብቻ አታከፋፍሉ፣ ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ሽምብራ በቀጥታ አምጡልን በሏቸው። የእነሱ መጋዘንና መኪና በመሐል ያለውን ደላላ ይዘለዋል።

ካፌዎች፣ ፓንኬካችሁን እናውቀዋለን። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሽሮፕ የፈሰሰበት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያስርብ። ቢያንስ አንዱን መስመር ለምጥን ስጡ። እኛም እንገባና እንጠይቃችኋለን፣ «ምጥን አላችሁ?» እያልን። አስተናጋጁ የለም ሲል እንወጣለን ማለቴ አይደለም፤ ቡና እንጠጣና ነገም መጥተን እንጠይቃለን። ሠላሳ ሰው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቀው የማይሰማ ነጋዴ የለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ እኅቶቻችንም ከዚህ አትቀሩም። ዱባይም ሆነ ሪያድ፣ የህንዶች ሱቅ ውስጥ ቤሳን ተብሎ የሚሸጠው የሽምብራ ዱቄት ነው፣ አታ የሚባለው ደግሞ ገለፈቱ ያልተራቆተ ስንዴ ነው፤ ህንዶቹ ራሳቸው ከቤሳን ቺላ የሚሉትን ስስ ቂጣ ለቁርስ ይጋግራሉ። ከሥራ በፊት አንዴ ተጋግሮ ተጠቅልሎ የሚያዝ ቁርስ ከሁለቱ ይወጣል። አሜሪካ ያላችሁ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የምታቀርቡትን ዶናት ማን እንደጀመረው ጠይቁና በዚህ ተኩት።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ልጆቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ፓንኬክ ብቻውን መቀንጨርን አያጠፋም፤ ንጹሕ ውሃ፣ ጡት ማጥባት፣ ሕክምና፣ ገቢ አለበት፣ ዋናው ጊዜም እርግዝናውና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ናቸው። ነገር ግን ምጥኑ ዱቄት የገባበት ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡርም አለች፣ ጡት እየተወ ያለ ሕፃንም አለ፤ ገንፎውም ከዚያው ጆንያ ይወጣል። ለመንግሥት ቃል ኪዳን ጎረቤት ሊያዋጣው የሚችለው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ጊዜው የሚመቸው ጥርና የካቲት ነው። ጤፉና ስንዴው ከአውድማ ገብቷል፣ ሽምብራው እየወጣ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ሁሉም ይወደዳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቡና ላይ ሦስት ነገር ጨርሳችሁ ተነሡ። የዐሥሩን ቤት ስም የሚጽፍ አንድ ሰው፣ ገንዘቡን የሚይዝ ሌላ ሰው (ሁለቱ አንድ ሰው አይሁኑ፣ ጠብ እንዳይመጣ)፣ እህል የሚያይ ዓይን ያላት አንዲት ባልቴት፤ ጓያን ከሽምብራ በጨለማ የምትለይ። ዐሥር ካልሞላችሁ በስድስት ጀምሩ፣ ኩንታሉን 60 ኪሎ አድርጉት። ሰባተኛውና ስምንተኛው ቤት ሽታው ሲደርሳቸው ራሳቸው ይመጣሉ። ለቅዳሜ ወረፋ ያዙ።